የውሃ ድመቶቹ የተመለሱበት ዳርቻ

በአንድ ወቅት ሸርጣን ሰውን ያሸነፈበት አንድ ሐይቅ ነበር። ሸርጣኑ መረቡን ይቆርጣል፣ የዓሣውን እንቁላል ይለቅማል፣ ዳርቻውን ሰርስሮ ይንዳል። ሰዉ ታንኳውን ገልብጦ ተቀመጠ።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ሰዉ የውሃ ድመት የሚለው፣ ሌላው አገር ኦተር የሚለው እንስሳ ሸርጣኑን እየበላ ያሳንሰው ነበር። ከጠገበ በኋላ ውሃው ውስጥ እንደ ሕፃን ሲንከባለል ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። ለቆዳው ሲባል ታድኖ አለቀ። የመጨረሻዋን የገደላት አዳኙ አያ ጫኔ ነው፤ እሱም አልካደም።

ጥሩዓለም የምትባል ሴት ሐይቁ ዳር የሽንብራ መሬት ነበረቻት። ሌላ መሬት የላትም። አንድ ዓመት ሽንብራውን ትታ መሬቷን በሙሉ ደንገል የሚባለውን ረጅም የውሃ ሣር ተከለችበት።

«እታለም፣ ደንገል ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል እንዴ?» እያሉ ጎረቤቶቿ ሳቁባት።

«መደበቂያ በሌለበት አገር የውሃ ድመት እንዴት ይመለሳል?» አለቻቸው።

ሦስት ዓመት የሰው እርሻ እያረመች ኖረች። ደንገሉ ግን ከሰው ቁመት በለጠ።

ይህን ያየ እንየው የሚባል ዓሣ አጥማጅ፣ «ቤቱ ከተሠራማ እንግዶቹን እኔ አመጣለሁ» ብሎ ተነሣ። ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ ይዞ ሰባት ቀን ሽቅብ ተጓዘ። ፏፏቴ ሥር አንድ ወንድና አንዲት ሴት የውሃ ድመት አገኘ። በቅርጫት አድርጎ፣ ውሃ እያርከፈከፈ፣ እሱ ጾሙን እያደረ እነሱን ዓሣ እያበላ ተመለሰ። መንገድ ላይ ሴቷ ጠቋሚ ጣቱን ነክሳ ቆረጠችው። እንየው ቅርጫቱን አልጣለም። መንደር ሲደርስ እጁን አይተው ቢጮኹ፣ «ዘጠኝ ይበቃኛል፤ ይልቅ መንገድ ልቀቁልኝ!» አላቸው።

ድመቶቹ ተለቀቁ፤ ደንገሉ ውስጥም ጥልቅ አሉ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ክረምት ሲገባ ሦስት ግልገሎች ተወለዱ።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ዳርቻው ተናደ፤ የጉድጓዳቸውም አፍ ተደፈነ። ግልገሎቹ ውስጥ ቀሩ። እናቲቱ እያፏጨች ውሃውን ትዞራለች፤ ሰዉ የት ቦታ እንደሚቆፍር አላወቀም። አያ ጫኔ ጋቢውን ጣለ።

«አያ ጫኔ፣ በዚህ ዕድሜህ? ጎርፉ ይወስድሃል!» ብለው ያዙት።

«ልቀቁኝ! ዕድሜ ልኬን ጉድጓዳቸውን ስፈልግ የኖርኩ፣ ከኔ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

ገባ። ጠለቀ። ጭቃውን በእጁ እየቧጠጠ ሦስት ጊዜ ጠልቆ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ በወጣ ቁጥር አንድ ግልገል ደረቱ ላይ ነበረች። ሦስተኛዋን ሲያወጣ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሲነቃ ግልገሎቹ ጋቢው ላይ ሲላፉ አየና እንባው እየወረደ ሳቀ።

ዓመታት አለፉ፤ ድመቶቹ በዙ፣ ሸርጣኑ አነሰ፣ ዓሣው ተመለሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ መረብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቶ የወጣ ዕለት ከበሮ ተመታ፣ ድግስ ተደገሰ። ሽማግሌዎቹም ያ ዳርቻ እስከ ልጅ ልጅ በአንድ ሰው ስም እንዲጠራ ቆረጡ። ጭቅጭቁ የተነሣው ያኔ ነው።

«ሁሉም ሲስቅ እንጀራዋን የሰጠች ጥሩዓለም ናት!» አሉ ሴቶቹ።

«ደንገል ብቻውንማ የወፍ ማደሪያ ነበር። ያመጣቸው እንየው ነው፤ ጣቱም ይመስክር!» አሉ ዓሣ አጥማጆቹ።

«ዘራቸው የተረፈው በአያ ጫኔ ነው» ሲሉ ሌሎቹ፣ አንዲት ባልቴት ብድግ አሉና፣ «ቤት ያቃጠለ ሰው እሳቱን ስላጠፋ ይሸለማል?» ብለው ጠየቁ።

«የሚያውቀውን ለጥፋት ያዋለ ሰው ለደግ ሲያውለውስ፣ አይቆጠርለትም?» አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

ሦስቱ ባለጉዳዮች ግን ክርክሩን ትተው ሲጨፍሩ ዋሉ፤ ዳርቻውም እስካሁን ስም የለውም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ያ ዳርቻ በማን ስም ሊጠራ ይገባዋል?