የድንበሩ ዝግባ

አንድ የእህል ነጋዴ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል። ሀብት አልጎደለው፣ ጤና አልጎደለው፤ የጎደለው ሰፊ መጋዘን ብቻ ነበር። መጋዘኑን ሊሠራበት ያሰበው ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ዝግባው የበቀለው በእሱና በጎረቤቱ በልብስ ሰፊው በወርቅነህ ግቢ መካከል፣ ልክ ድንበሩ ላይ ነው።

የዚያች ከተማ ሕግ አጭር ነበር። አንድ ሰው አቅፎት እጆቹን ማገናኘት የማይችለውን ዛፍ ያለ ዳኛ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው፤ በገዛ ግቢህ ቢበቅልም ክልክል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ዛፉ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚጥል ሲሆን ነው፤ ያኔ ግን ሳይውል ሳያድር ይሰጣል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ዛፉንም ሰውንም አስበዋል።

ጓንጉል ዳኛው ዘንድ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። ዳኛው መጥተው ዛፉን ዞረው አዩት፣ ግቢውንም አዩ።

«መጋዘንህን ወደ በሩ አስጠጋው፤ ቦታ ሞልቶሃል» አሉት።

«እዚያማ የጋሪ መግቢያዬ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«እንግዲያው ጋሪው ይጠጋ፤ ዝግባው መጠጋት አይችልም።»

ነገሩን ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ጓንጉልም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ቤቱ ገብቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ዛፉ አደገኛ ካልሆነ፣ አደገኛ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። እስቲ አሁን ይሄ ምን የሚሉት ብልሃት ነው? ቢሆንም እሱ በራሱ ጭንቅላት ኮራ።

እሑድ ጠዋት ሰፈርተኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጓንጉል አሞኛል ብሎ ቀረ። በራሱ ግቢ በኩል የዛፉን ግርጌ ቆፈረ። እንደ ሰው ጭን የወፈሩትን ሥሮች እያላበው በመጥረቢያ ቆራረጣቸው። ከዚያ አፈሩን መለሰ፣ ረገጠው፣ ላዩ ላይ ገለባ በተነበት። ሰዎች ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋቢውን ተከናንቦ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እያሳለ ተቀበላቸው።

ያሰበው እንዲህ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ዛፉ ትንሽ ዘመም ይላል፣ ዳኛው አይተው ይፈቅዳሉ፣ ባለሙያዎች በገመድ ይዘው ቀስ አድርገው ይጥሉታል፤ ማንም አይጎዳም። ተንኮል የሚሸርብ ሰው መቼም «ማንም አይጎዳም» ማለት ይወዳል።

ዝግባው ግን አልጠወለገም። ሥሩ መቆረጡን ቅጠሉ ገና አልሰማም። ጓንጉል መታገሥ አቃተውና ዳኛው ዘንድ ተመልሶ ሄደ፤ ዛፉ አደገኛ ሆኗል ብሎ አመለከተ። ዳኛው ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ወደ ላይ ቢያዩ ቅጠሉ ለምለም ነው። ግንዱን ቢገፉት ንቅንቅ አላለም።

«ምን አይተህ ነው አደገኛ ያልከው?» አሉት።

«እንዲሁ ፈራሁ።»

«ፍርሃትህን አልንቅም። ያየኸው ነገር ካለ ንገረኝና አሁኑኑ እፈቅድልሃለሁ። ምን አየህ?»

ጓንጉል ሥሩ ተቆርጧል ቢል ማን ቆረጠው ሊባል ነው። «ምንም» አለ። ዳኛውም ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰን እናየዋለን ብለው ሄዱ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና አፈሩ ራሰ። አንድ ቀን ጓንጉል ሥሮቹን የቆረጠበት ቦታ ላይ መሬቱ በቀጭኑ መሰንጠቁን አየ። ሌላ ቀን ጣቱን ሰደደበት፤ ጣቱ ገባ። አሁን ዝግባውን የያዘው በጎረቤቱ በኩል ያለው ሥር ብቻ ነው። ንፋስ ከዚህ ከገፋው የሚወድቀው ወርቅነህ ቤት ላይ ነው። ይህን ከጓንጉል በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የወርቅነህ ሚስት ስንዱ ወለደች። ስንት ዓመት ተስለው ያገኙት የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ጓንጉል ቅቤ ይዞ ሊጠይቃት ሄደ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት።

«ማርያም ታኑርዎ፣ ጋሽ ጓንጉል።»

እሱ ግን ጣሪያውን ነበር የሚያየው። የአራሷ አልጋ በዝግባው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ያመጣውን ቅቤ መስጠቱን እንኳ ረስቶ በእጁ ይዞ ቆመ።

«ይሄ ቤት ለአራስ ይቀዘቅዛል» አለ። «ለምን እኔ ቤት አትሰነብቱም? ክፍሉ እንደሆነ ባዶ ነው።»

ወርቅነህ ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ ልጁ ክርስትና ሳይነሣ አራስ ከቤት ትወጣለች እንዴ? ለዚያውም በዚህ ብርድ። ደግነትዎን ግን ማርያም ትቁጠርልዎ።»

«መጥፎ ሕልም አይቼ ነው።»

«ደግ ደጉን ያሳየን» አለ ወርቅነህ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ጓንጉል ወደ ቤቱ ተመለሰ። ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል፣ ነገ ሲመጣ ነገ ይላል። እህል ከአፉ አልገባ አለ፤ ንፋስ ሽው ባለ ቁጥር ደጁ ላይ ወጥቶ ይቆማል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጥቁር አለ። ንፋሱ የተነሣው በጓንጉል ግቢ በኩል ነው። መሬቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ሲበጠስ ሰማ፤ ስንጥቁ ሲሰፋም በዓይኑ አየ። ዳኛው ዘንድ ልሂድ ቢል ሩቅ ነው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ሮጠና ደጁን ሳያንኳኳ ገባ። ወርቅነህ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሷል። ስንዱ ልጇን አጥብታ አጠገቧ አስተኝታዋለች።

«ውጡ» አላቸው። «ዛፉ ሊወድቅ ነው።»

«ዳኛው ጤነኛ ነው ብለው የለም እንዴ?» አለ ወርቅነህ። እግሩን ከመኪናው መርገጫ ላይ እንኳ አላነሣም።

ያኔ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሥሩን እኔ ቆርጬዋለሁ የሚል። ጓንጉል ግን ያን አላለም። ዘሎ ሕፃኑን ከአልጋው ላይ አነሣና በዝናብ ውስጥ ይዞት ሮጠ። ጉድ በሉ እንግዲህ፤ እውነቱን ከመናገር የሰው ልጅ ነጥቆ መሮጥ ቀለለው።

ስንዱ እየጮኸች ከአልጋዋ ወርዳ ተከተለችው። ወርቅነህ መቀሱን እንደያዘ ሮጠ። ጓንጉል መንገዱን ተሻግሮ ሲቆም ወርቅነህ ደረሰበትና አንገቱን አነቀው። በዚህ መካከል ከኋላቸው መሬቱ ጮኸ። ሲዞሩ ዝግባው ከነሥሩ ተነቅሎ እየወረደ ነበር። ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የስፌት መኪናውን ሁሉ አብሮ ጨፈለቀው። ግንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ወርቅነህ እጁን ከጓንጉል አንገት ላይ አንሥቶ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። የሆነው ነገር ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እየዞረ ጓንጉልን ጀግና አደረገው። እግዚአብሔር አሳይቶት ነው ተባለ። ቀድሞ ለዳኛው ተናግሮ ነበር፣ የሰማው ጠፋ እንጂ ተባለ። ዳኛው በዝናብ እየተደበደቡ ሲደርሱ ሕዝቡ ጠበቃቸው።

«ለዛፍ አዝነው አራስ ሊያስገድሉን ነበር» አላቸው አንዱ።

«ይሄ ሕግ ይቅርብን» አለ ሌላው። አንዳንዶቹ ወደየቤታቸው ሄደው መጥረቢያ ይዘው ተመለሱ፤ በየግቢው የቆመውን ትልልቅ ዛፍ ዛሬውኑ ሊጥሉት ነው።

ዳኛው አልተከራከሩም። «እኔ ያየሁት ጤነኛ ዛፍ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ልሻር» አሉ። ወደተነቀለው ሥር ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የፈረሰውን ቤት ነው።

ጓንጉል ዝም ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር የእሱ ነበር። ቦታው ተለቅቆለታል፣ ስሙ ገንኗል፣ ሕጉም ሊፈርስለት ነው። እንዲህ ይሳካልኛል ብሎ አስቦም አያውቅም።

ስንዱ ልጇን አቅፋ በሕዝቡ መካከል መጣችና ጉልበቱን ልትስም ዝቅ አለች። «እርስዎ ባይኖሩ ልጄ ዛሬ አይኖርም ነበር» አለችው።

ጓንጉል ወደኋላ ሸሸ። «ተዪኝ» አለ። «እኔ ባልኖር ዛፉም አይወድቅም ነበር።»

ጓንጉል ወደ ዝግባው ሄደና በመጥረቢያ የተቆረጡትን የሥር ጫፎች በእጁ እየነካ አሳያቸው። የሠራውን ሁሉ ተናገረ፤ ሲናገር አለቀሰ። ስንዱ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና ዞር አለች። መጥረቢያ ያመጡት ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ምን አየህ ብዬህ ነበር» አሉት ዳኛው። «ያን ዕለት ብትነግረኝ እቀጣህ ነበር፤ ዛፉን ግን በገመድ አስይዤ አስወርደው ነበር፣ እነዚህም ቤታቸው ይተርፍ ነበር።»

የወርቅነህን ቤት ጓንጉል እንዲሠራለት፣ የስፌት መኪናውንም እንዲተካለት ተፈረደበት። ሕጉ አልተሻረም፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ዛፍ አሰጋኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው ሥሩ እስኪቆፈርና እስኪመረመር ይጠብቃል። ሳይውል ሳያድር ይሰጥ የነበረው ፈቃድ ይውላል፣ ያድራል። የምር ሊወድቅ በደረሰ ዛፍ ሥር ልጆቻቸውን የሚያስተኙ እናቶች፣ ጓንጉልን አይተውት የማያውቁ እናቶች፣ ንፋሱን እያዳመጡ ይጠብቃሉ።

ወገኖቼ፣ ሕግ ለተጨነቀ ሰው ብሎ በር ይከፍታል። ጭንቅ የሌለበት ሰው ጭንቅ ፈጥሮ በዚያ በር ሲገባ፣ በሩ የሚጠበው የምር በተጨነቀው ላይ ነው። ፈቃድ ስንጠይቅ የምናውቀውን ሁሉ ለሌላ ዓይን ማሳየት አለብን፤ የደበቅነው ነገር የሚወድቀው ሁልጊዜ በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተን ዛሬ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» የሚል ዳኛ ቢያቆማችሁ፣ «ምንም» ሳትሉ ትመልሱ ነበር?