ምድር ጥቂት የተንቀጠቀጠችበት ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ሰው የረሳቸውን ትንንሽ የምድር መንቀጥቀጦች ከአሮጌ ጋዜጣና ከብራና ኅዳግ እየለቀሙ የሚመዘግቡ ሦስት ወዳጆች ነበሩ። ቤት ያፈረሰውንማ ማንም ያስታውሰዋል። እነሱ የሚፈልጉት ብርጭቆ አንቃጭሎ ያለፈውን ነበር። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ያገኘ ሰው ስም ያወጣል፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ስም። በሚያሳትሙት መጽሐፍ ውስጥ ቀኑ፣ አውራጃውና ስሙ ብቻ ይሰፍራል።

ከሦስቱ ታናሹ አናጺው ውብሸት ነበር። በዚያ ዓመት የበኩር ልጁ ሞታበታለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እሷ ሰማንያውን አልደረሰችም። እሱና ሚስቱ ማራኪ ይሏት ነበር። ስሟ የትም አልተጻፈም።

አንድ ቀን ውብሸት ከተቀደደ ጋዜጣ ላይ እንዲህ የሚል አገኘ፤ «በወርካ ሜዳ ምድር ጥቂት ተንቀጠቀጠች። ጉዳት አልደረሰም።» ደጋግሞ አነበበው። መንቀጥቀጧን ማራኪ አላት። ለሚስቱ ሲነግራት፣

«ትታተማለች?» አለች።

«ትታተማለች።»

ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ያን ዕለት ገና አብራው ራት በላች።

መሪጌታ ላቀው ደግሞ በዚያው አውራጃ ካለ ደብር፣ ከአንድ ተአምረ ማርያም ኅዳግ ላይ ሌላ አገኙ፤ «በጽጌ ማኅሌት ቆመን ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች። ይህን የጻፍሁ ወልደ ሐና ነኝ፤ አትርሱኝ።» ቀኑም ተጽፏል። በደብሩ ጠየቁ፤ ወልደ ሐናን የሚያውቅ ጠፋ።

«አትርሱኝ ያለን ሰው እንዴት ልለፈው?» አሉና መንቀጥቀጡን በእሱ ስም ጠሩት። ውብሸት ካገኛት ጋር ሲተያይ የሰባት ዓመት ልዩነት ስላለው ሁለቱም ተመዘገቡ።

ሦስተኛዋ እትዬ ዘርትሁን ዕድሜያቸውን በቤተ መዛግብት የጨረሱ ሴት ናቸው። ጋዜጣው የሀገሩንም የፈረንጁንም ቀን በአኃዝ ጎን ለጎን ያትም እንደነበር ያውቃሉ። የሚቀጥለውን እትም ፈልገው አመጡና አስተያዩት። በውብሸት ቁራጭ ላይ ከቅዳጁ የተረፈው የፈረንጁ ቀን ኖሯል፤ እሱ የእኛው መስሎታል። ወደ እኛው አቆጣጠር ቢመልሱት ከመሪጌታ ቀን ጋር ገጠመ።

«አንዲት መንቀጥቀጥ ናት» አሉ እትዬ።

«ምድር መንታ ወልዳልን ነበር፤ አንቺ አንዱን መለስሽባት» አሉ መሪጌታ።

«ያልተወለደ ነው የመለስኩት፣ መሪጌታ።» ወዲያው ዓይናቸው ውብሸት ላይ አረፈ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«የሠሩት እውነት ነው፣ እትዬ» አለ ውብሸት።

እትዬም ግን የሚሹት ስም ነበራቸው። ወርካ ሜዳ የተወለዱባት መንደር ናት። ዛሬ ከግድቡ ውኃ ሥር ናት፤ ካርታ ላይ የለችም። «እኔ ባልለፋ ሁለታችሁም ሐሰት ልታሳትሙ ነበር» አሉ። «አገሬ ትጠራበት።»

ማተሚያ ቤቱ መልስ ይጠብቃል። ውብሸት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ራት አቅርባ ጠበቀችው።

«ታተመች?»

«ገና ናት» አላት።

እንግዲህ ሸንጎው የእናንተ ነው። ቀኗን ቢስትም ቀድሞ ያገኛት አባት አለ፤ ቀኗን ሳያዛንፍ አቆይቶ አትርሱኝ ያለ ሟች አለ፤ እውነቷን አጥርተው ያወጡ፣ መንደራቸውን ውኃ የዋጠባቸው ሴት አሉ። ያቺ ማንንም ያልጎዳች መንቀጥቀጥ በማን ስም ትጠራ?