ስሙን ማን ይጥራው

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ይህን ታሪክ ያወራልኝ የአለቃውን ድምፅ እያስመሰለ ነው፤ ዛሬም ብቻዬን ያስቀኛል።

እሱና ጓደኞቹ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያይለት ለደንበኛ አይሰጡም። ስህተት ሲገኝም «የሁላችንም ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ፕሮግራማቸው ደንበኛው ፊት ተበላሸ። አለቃቸው አቶ ምትኩ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ ያው «ሁላችንም ነን» ተባሉ። ተናደዱና አንድ በአንድ ቢሯቸው አስገቧቸው። ባለቤቴ የገባው መጨረሻ ላይ ነው።

«ቡድን ያለ መተማመን አይሠራም» አሉት። «ጥፋቱን እየደበቀ መተማመኑን የሚያበላሸውን ሰው ስም ንገረኝና ላባርረው። አልናገርም ካልክ የምትባረረው አንተ ነህ።»

«ከእኔ በፊት የገቡት የማንን ስም ጠሩ?» አለ ባለቤቴ።

«አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ለዚህ እኮ ነው አንተን የምጠይቅህ።»

«እንግዲያው እኛ እንተማመናለን ማለት ነው፣ ጋሼ። እዚህ ቤት ማንንም ያላመነ አንድ ሰው ብቻ አለ። ስሙን እኔ ልጥራው ወይስ ራስዎ ይጠሩታል?»

አቶ ምትኩ መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ጠረጉ።

«ውጣ» አሉት፤ «ሂድና ከጓደኞችህ ጋር የተበላሸውን አስተካክሉ።»