ከኮምቦልቻ የመጡት ሙሽሮች

በእኛ ሰፈር፣ ማዕረጉን ፈልጎ ጣጣውን ለሚሸሽ ሰው የምንላት አንዲት ነገር አለች። የዕድር ሊቀመንበር ለመሆን ሲሟገት ከርሞ ድንኳን መትከል ሲመጣ ወገቤን የሚል አይጠፋም። ያኔ አንዱ ያቺን ነገር ወርወር ያደርጋታል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ግን ምኑ እንደሚያስቅ ግራ ይገባዋል፤ ባለቤቷን አያውቅማ።

ባለቤቷ አቶ አደፍርስ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት። የእኔ ሱቅ ከሳቸው ሱቅ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ታሪኩን ከሚስታቸው ከእትዬ ትርፌ አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እትዬ ትርፌ መሀሉ ላይ ሲደርሱ በሳቅ ትን እያላቸው ስለሚያቋርጡት፣ ሙሉውን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

አቶ አደፍርስ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የተጠየቁትን ዋጋ ከፍሎ መውጣት እንደ ሽንፈት ያማቸዋል። ፖስታ ቤት ገብተው በቴምብር ዋጋ ተከራክረዋል። ጤና ጣቢያ ሁለት መርፌ የታዘዘላቸው ቀን ደግሞ ነርሷን «ሁለቱንም በአንዴ ብወጋ ስንት ትቀንሺልኛለሽ?» ብለዋታል።

ታዲያ የእትዬ ትርፌ ዓይን ደከመና አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ዘንድ ለማክሰኞ ቀጠሮ ተያዘ። ድሮ አዲስ አበባ ሲሄዱ የሚያርፉት ኮልፌ፣ የአቶ አደፍርስ አጎት ልጅ ቤት ነበር፤ ሳሎን መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው፣ ጠዋት ልጆች እየተራመዷቸው። ዘንድሮ እትዬ ትርፌ አሻፈረኝ አሉ።

«ዓይኔን ልታሳክም ከወሰድከኝ፣ ዓይኔ የሚያየው ነገር ይኑረው። አንድ ጊዜ እንኳ ትልቅ ሆቴል ልደር» አሉ።

አቶ አደፍርስ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። በሦስተኛው ቀን ተካልኝ የሚባል የቆርቆሮ ፋብሪካ ሻጭ ወደ ሱቃቸው መጣ። ኑሮው ከሆቴል ሆቴል ነውና ጭንቀታቸውን ሲሰማ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሆቴል ማለት እኮ የአትክልት ተራ ነው። ያልተሸጠ አልጋ ሲነጋ እንደ ቲማቲም ይበሰብስበታል። እሑድ ይግቡ፤ ሠርገኛው ወጥቷል፣ የስብሰባው ሰው ገና አልሞላም። ደላላ አያስገቡ። እንግዳ የምትቀበለዋን ልጅ በስሟ ይጥሯት፣ ፈገግ ይበሉ፣ ‹ከዚህ የተሻለ ዋጋ ይኖራል?› ይበሉና ዝም ይበሉ። ዋጋ የሚወርደው ዝም ሲሉ ነው። ከሊፍቱ ራቅ ያለ ጸጥ ያለ ክፍል ይጠይቁ። ልዩ ቀን ካላችሁም ይንገሯቸው፤ ትልቁ ክፍል ባዶ ከሆነ በዚያው ዋጋ እሱን ይሰጧችኋል።»

የተካልኝ ምክር ንጹሕ ምክር ነበር፤ አንዲት ውሸት የለበትም። ውሸቱን የጨመሩበት አቶ አደፍርስ ራሳቸው ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ደረሱ። የሚሽከረከረው የመስታወት በር አቶ አደፍርስን ሁለት ዙር አዙሮ ነው ወደ ውስጥ የተፋቸው። እትዬ ትርፌ ቦርሳቸውን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው ሶፋ ላይ ተቀመጡና ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መብራት አንጋጠው ያዩ ጀመር። አቶ አደፍርስ ወደ እንግዳ መቀበያው ቀረቡ። በልጅቷ ደረት ላይ ስሟ ተጽፏል፤ ቤዛዊት። የክፍሉን ዋጋ ነገረቻቸው።

«ቤዛዊት ልጄ፣ ከዚህ የተሻለ ዋጋ ይኖራል?» አሉና ዝም አሉ።

ዝም ማለት ማለት እንግዲህ የሳቸው ነው። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ፣ ስልክ ጠርቶ እስኪያቆም ዝም አሉ። ልጅቷ ዋጋውን ዝቅ አደረገችው። ሌላም ዝምታ ተከተለ፤ ቁርስ ተጨመረበት። ከሊፍቱ የራቀ ክፍልም ተገኘ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። አቶ አደፍርስ ግን ቶሎ የተሰጣቸው ነገር ያሳስባቸዋል፤ ሌላ የተደበቀ የተሻለ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ዓይናቸው ባንኮኒው ላይ የቆመ ፎቶ ላይ አረፈ። ሜዳ የሚያክል አልጋ፣ ከተማውን ሁሉ የሚያሳይ መስኮት።

«ይሄኛው ባዶ ነው?»

«የሙሽሮች ክፍል ነው አባባ። ዛሬ እንኳ ባዶ ነው፤ ግን ልዩ ቀን ላላቸው እንግዶች ነው የምንሰጠው።»

አቶ አደፍርስ ወደ ኋላ ዞረው እትዬ ትርፌን አዩ።

«እኛም እኮ ሙሽሮች ነን» አሉ።

«እናንተ?»

«ትናንት ተጋባን።»

ቤዛዊት አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ለካ እናቷ ባል ሞቶባቸው ብዙ ዓመት ብቻቸውን ኖረዋል። ደህና ሰው ላግባሽ ቢላቸው ልጆቻቸው «በዚህ ዕድሜሽ?» ብለው ከልክለዋቸዋል። ከባንኮኒው ጀርባ ሮጣ ወጣችና እትዬ ትርፌን አቀፈቻቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት እማማ! እንዴት ደፈሩ ግን?»

እትዬ ትርፌ ስለ ሆቴሉ የምትጠይቃቸው መሰላቸው። «ኧረ ተይኝ ልጄ፤ እሱ መች እሺ ብሎ? ስንት ዓመት ለምኜው ነው!»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤርምያስ ምን ሆነች ብለው መጡ፤ እሳቸውም ሰምተው የአቶ አደፍርስን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ወዲያው ሻንጣቸው ወደ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ወጣ።

ክፍሉ ሲከፈት ከፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎች አልጋው ላይ አፍ ለአፍ ገጥመው ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል ተበትኗል።

«ምነው ሳይጠርጉት ሰጡን?» አሉ እትዬ ትርፌ። ከዳክዬዎቹ እግር ሥር አንድ ካርድ አገኙ። አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ቀስ እያሉ አነበቡት። «ለአዲሶቹ ሙሽሮች… አደፍርስ፣ ሙሽራው ማነው?»

አቶ አደፍርስ በኩራት ነገሯቸው። እትዬ ትርፌ ካርዱን አስቀመጡት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያኖረችህን ሴትዮ ትናንት መጣች አልክ?»

«ለክፍሉ ብዬ ነው እንጂ…»

«አራቱ ልጆቼስ? በሊፍት ወረዱ? አሁኑኑ ሂድና እውነቱን ተናገር!»

«ነገ እናገራለሁ፤ አንዴ ቁልፍ ከሰጡን ምን አስቸኮለን?» ብለው አቶ አደፍርስ ከነካልሲያቸው ሜዳው አልጋ ላይ ተዘረጉ።

እትዬ ትርፌ መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ገንዳውን በሙቅ ውኃ ሞልተው፣ ጣታቸው እስኪጨማደድ ድረስ ተዘፍዝፈው አሰቡ። ሲወጡ ቁጣቸው የለም።

«እሺ፤ ሙሽራ ካደረግከኝ ሙሽራ ነኝ። ጣጣው ግን ያንተ ነው» አሉ።

ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ኤርምያስ ደወሉ። ሆቴሉ ለሙሽሮቹ የምሳ ግብዣ አዘጋጅቷል። አቶ አደፍርስ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ «በነጻ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ መልሰው ዘጉት።

የምግብ አዳራሹ በር ላይ ቤዛዊት ጠበቀቻቸው። እትዬ ትርፌን የአበባ አክሊልና ፊታቸውን እስከ አገጫቸው የሚሸፍን ዓይነ ርግብ አለበሰቻቸው፤ በአቶ አደፍርስ ኮት ላይ የቡጢ ያህል አበባ ሰካችላቸው። በሩ ሲከፈት እልልታው ቀለጠ። አስተናጋጁ ሁሉ በጭብጨባ ተሰልፏል፤ መሀል ላይ ሦስት ደርብ ኬክ ቆሟል፤ አንድ ወጣት ኪቦርዱን እየነካካ ነው።

በወዲያ በኩል ደግሞ አርባ ያህል ሽማግሌዎች መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ምሳ ይበላሉ። ከየክፍለ ሀገሩ ለዐውደ ጥናት የተጠሩ አስታራቂዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩትን ሰዎች አንድ ጎረምሳ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራ «ዕርቅ ምንድን ነው?» ሲላቸው ስላረፈደ፣ ሠርግ ሲመጣ የሰማይ መና የወረደላቸው ያህል ደስ አላቸው።

«ሙሽራው ይነሱ! ይጨፍሩ!» ተባለ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ አቶ አደፍርስ፤ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«አንድ ዙር ብቻ!»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«የዓይን ሐኪሙ?» አሉ እትዬ ትርፌ ከዓይነ ርግቡ ሥር።

በዚህ መሀል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምግባቸውን እንደያዙ ሊመርቁ መጡ። የእኛው ጋሽ ይማም ናቸው፤ የኮምቦልቻን ግማሽ ሕዝብ ያስታረቁ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አቶ አደፍርስ እትዬ ትርፌን ሲያጩ ሽማግሌ ሆነው የሄዱትም እሳቸው ነበሩ። ሙሽራውን ቀና ብለው አዩ። ሳህኑ እጃቸው ላይ ዘመመ።

«አደፍርስ?»

«ጋ… ጋሽ ይማም፣ ቆይ ላስረዳዎት…»

«አንተ ከሓዲ! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ አባቷ ውሻ ለቀውብኝ፣ ለምኜ የዳርኩህን ትርፌን የት ጥለሃት ነው ይህቺን የምታገባ?»

ሙዚቃው ቀጥ አለ። የሙሽራዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሁሉ የሚያለቅሱ መሰለው፤ ቤዛዊት «ሚስት አለው ማለት ነው?» እያለች ሮጣ አቀፈቻቸው። አቶ ኤርምያስ ደግሞ ቀስ ብለው የኬኩን ቢላ ከሙሽራው አጠገብ አነሱት።

እትዬ ትርፌ ግን በሳቅ ነበር የሚንቀጠቀጡት። ዓይነ ርግቡን ገለጡ።

«እዚህ ነኝ ጋሽ ይማም።»

ጋሽ ይማም ጠጋ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለውም አዩ። «ትርፌ! ታዲያ ማንን ነው የሚያገባው?»

«እኔን።»

«መቼ ተፋታችሁ?»

«አልተፋታንም።»

«ወላሂ፣ ይሄ እንኳ በሥልጠናው አልተነገረንም!»

አቶ አደፍርስ መሸሻ አጡና ከተካልኝ ምክር እስከ «ትናንት ተጋባን» ድረስ አንድ በአንድ ተናዘዙ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ቤዛዊት ብቻ ነበረች።

«እኔ እኮ ትናንት ለእናቴ ደውዬላታለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ያጠፋነው እኛ ነን፣ ሰውዬው ካለ ይምጣ ብያታለሁ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አቶ አደፍርስ የተጨነቁት ለክፍሉ ነበር። አሁን ግን አንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጉልበታቸውን ያመማቸው አይመስልም።

«ልጄ፣ አጠፋሁ። ቆርቆሮ ሳስመርጥ እንኳ እንዲህ ዋሽቼ አላውቅም። ይቅር በይኝ» ብለው ቁልፉን ዘረጉላት።

እትዬ ትርፌ የልጅቷን እንባ በዓይነ ርግቡ ጫፍ ጠረጉላት። «የዋሸው እሱ ነው እንጂ አንቺ ለእናትሽ ያልሻት ልክ ነው። ሰውዬው ይምጣ። እኔም የምለምነውን ያገኘሁት በስተእርጅና ነው» አሏት። ቤዛዊት ፈገግ አለች።

አቶ ኤርምያስ ቁልፉን ይቀበሉ አይቀበሉ ሲያመነቱ ጋሽ ይማም እጃቸውን አነሡ። «ጉዳዩን ለእኛ ተዉት። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ዕርቅ ሲወራልን ነበር፤ አሁን ዕርቁ ራሱ መጣ።»

አርባው ሽማግሌ ወንበሩን አዞረ። ከመሀላቸው አንዱ «መጀመሪያ ኬኩ ይቆረስ፤ በባዶ አፍ አይፈረድም» አሉ፤ ተቆረሰ። እየበሉ መከሩ፤ ተጨማሪ ኬክ ተጠየቀ፤ እንደገና መከሩ። ፍርዱን ጋሽ ይማም ተናገሩ።

«ክፍሉ የትርፌ ነው፤ እሷ አልዋሸችም። አደፍርስ የተጻፈውን ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል። ደግሞም ይጨፍራል።»

ክፍያው ላይ አቶ አደፍርስ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሺ» አሉ። ጭፈራው ላይ ግን ነፍሳቸው መለስ አለችና ክርክር ጀመሩ።

«ቁጭ ብዬ በትከሻ ብቻ ቢሆንስ?»

«አይሆንም።»

«ግማሽ ዘፈን?»

«አይሆንም።»

«እሷ የሁለታችንንም ትጨፍርልኝ፤ እኔ አጨበጭባለሁ።»

እትዬ ትርፌ ወገባቸውን በነጠላቸው ጠበቅ አድርገው አስረው ፊታቸው ቆሙ። «በሠርጋችን ቀን ‹የተከራየሁት ሱሪ ይቀደዳል› ብለህ ወንበር ላይ ተጣብቀህ ዋልክ። ሰው እያየኝ ብቻዬን ጨፈርኩ። ዛሬ ሱሪው የራስህ ነው፤ ተነሥ።»

ሱሪያቸውን ሳብ አድርገው ተነሡ። ኪቦርዱ ጀመረ፤ አቶ አደፍርስ ወጡ። አንዱ ትከሻቸው ወደ ደሴ፣ ሌላው ወደ ባቲ ሄደ፤ ኮታቸው ላይ የተሰካው አበባ በርሮ ሾርባ ውስጥ ገባ። እትዬ ትርፌ እስክስታውን ሲያወርዱት ግን አስተናጋጆቹ ትሪያቸውን አስቀምጠው ከበቧቸው። ቤዛዊት ሳቋ እንባዋን አደረቀው። ሽማግሌዎቹም ምርኩዛቸውን ወደ ላይ እየነቀነቁ ገቡበት። ያ ጎረምሳ አሠልጣኝ ሰዓቱን ቢያሳያቸው፣ እጁን ይዘው መሀል አስገቡት።

በሦስተኛው ዘፈን ላይ አቶ አደፍርስ እያለከለኩ ከክቡ ሹልክ አሉና ወደ ወንበራቸው አዘገሙ። «በቃኝ፤ ሙሽርነቱም ይቅርብኝ!» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ ጋሽ ይማም በምርኩዛቸው ወንበሩን ጎተት አደረጉትና፣ ኬካቸውን እንደጎረሱ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ እንዲህ አሉ፦ «ተነሥ አደፍርስ፤ ሙሽራ ነኝ ያለ ይጨፍራል!»