ወንፊቱ የጣለው ወሬ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አገር አይምሰላችሁ፣ እዚሁ ቢሾፍቱ እኛ ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጣብበው የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾችና እህታቸው ነበሩ። አከራያቸው እትዬ በላይነሽ እንቁላል ማሽን ውስጥ ከተው ጫጩት ያስፈለፍላሉ።

ትልቁ ልዑልሰገድ የኮምፒውተር ሰው ነው። ማሽን ሞቀ፣ በረደ፣ በሩ ተከፈተ ሲል ሁሉን ሰምቶ ወደ ስልክ የሚያደርስ ፕሮግራም ሠራ። መጀመሪያ የሠራው ለወፍጮ ቤት ነው፤ ግን እንደ ወንፊት ክፈፍ ነው ይላል፤ ክፈፉ አንድ፣ መረቡን እንደ እህሉ መቀየር ነው። ለእትዬ በላይነሽ ማሽን ሲገጥምላቸው ስልካቸው ሲጮህ ዋለ። ሴትዮዋ ቢመራቸው የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት።

ያኔ እህቱ ትርንጎ ተነሣች። ማሽኑ አጠገብ ውላ የቱ ቁም ነገር፣ የቱ ሐሜት እንደሆነ ለየችና ቁም ነገሩን ብቻ ወደ ስልኩ የሚያሳልፍ መረብ ሠራች። እንቁላል ሲገላበጥ በር መከፈቱን ጣለችው። የማሽኑ ማራገቢያ ለአፍታ ቆሞ መነሣቱንም ጣለችው። «መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ እዚህ አገር ወሬ ነው እንዴ?» አለች። ስልኩ ከጤፉ ወጣ።

ትንሹ መክብብ ደግሞ የተጣለ ነገር አያልፍም። ትርንጎ ገለባ ነው ብላ የጣለችውን ወሬ ሁሉ ሳይነግራት ኮምፒውተር ላይ ያጠራቅም ጀመር። አንድ ቀን ሲያገላብጠው ማራገቢያው ደጋግሞ ይቆማል። እኔ ዘንድ መጥቶ ዛሬ መብራት ሄዶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የጎረቤት ቴሌቪዥን በመስኮት ሳይ ነው የዋልኩት፤ የዓይን ጥቅሻ ታህል እንኳ አልጠፋም። «አልሄደም» አልኩት። መብራት ካልሄደ ጥፋቱ የማራገቢያው ነው ብሎ ወደ ማሽኑ ሮጠ። የማራገቢያው ሽቦ ሊቃጠል ደርሶ ነበር፤ ስልኩ ግን ጭጭ። ሊፈለፈሉ የደረሱት ጫጩቶች ለጥቂት ተረፉ።

ወሬው አንድ ትልቅ የዶሮ እርባታ ድርጅት ደረሰ። አንድ ሰው እንቀጥራለን፣ ቤትም እንሰጣለን፣ እትዬ በላይነሽ ይምረጡልን አሉ። አንድ ብቻ።

ልዑልሰገድ፣ «ክፈፍ ከሌለ መረቡ ምን ላይ ይወጠራል?» አለ።

ትርንጎ፣ «እኔ ባልኖር ስልኩ እስካሁን ጤፍ ውስጥ ነበር» አለች።

መክብብ፣ «የጣልሽውን ባላነሣ ጫጩቶቹስ የት ነበሩ?» አላት።

«አንተ ሌባ፣ ሁሉን ማጠራቀምማ ቆሻሻ ገንዳም ያውቃል» አለችው። ሳቀባት።

እትዬ በላይነሽ አንዱን ቢሉ ሁለቱን ማስቀየም ሆነባቸውና እስካሁን አልመረጡም። የእርባታው መኪና ደግሞ ነገ ጠዋት በር ላይ ይቆማል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ክፈፉን ለሠራው፣ መረቡን ለወጠረችው ወይስ ገለባውን ላነሣው፣ የቤቱ ቁልፍ ለማን ይገባል?