የኮምጣጣው ድንጋይ በረት

ተረት ተረት ስላችሁ «የድንጋይ በረት» በሉኝ። ላሟን ለዛሬ ተዉልኝ፤ ለእሷ ብዙ ተወርቶላታል።

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ገና አርፎ መቀመጥ ሳይለምዱ፣ አያ ጃርት የሚባል ወርቅ ቆፋሪ ነበር። ጉድጓዱ ከመጥለቁ የተነሳ ጠዋት የተወረወረበት ጠጠር ማታ ላይ «አሁን ገና ደረስኩ» ይል ነበር። ዋሽቼ ከሆነ ወርዳችሁ ለኩት።

ወርቁ ጥቂት፣ የሚጣለው ድንጋይ ግን ብዙ ነው። የሚጣለውን አህያ እየተሸከመ ከወንዙ ራስጌ ይደፋዋል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ እመት እንቁራሪት ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ገና ጅራታቸው ያልወደቀ፣ ከውሃ በቀር ቤት የሌላቸው።

አንድ ቀን ከአህያው ጭነት መሀል ወርቅ ሳይሆን ወርቅ የሚመስል ቢጫ ብልጭልጭ ድንጋይ አየችና መንገዱ ላይ ቁጭ አለች።

«አያ ጃርት፣ ይህ ሳይፈተን ከልጆቼ ራስጌ አይደፋም።»

«ድንጋይ ምኑ ይፈተናል? ዳዊት ይደግማል እንዴ?»

ቢጫው ድንጋይም «እኔ ምስኪን ማንን ነካሁ?» አለ።

«እንግዲያው ብትፈተን ምን ያስፈራሃል?» አለችው።

መጀመሪያ አህያ ላሰው። «ድንጋይ ድንጋይ ይላል» አለ። እንቁራሪት አልተነሳችም።

ቀጥሎ ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። «በይ ተነሺ፣ የአህያው ጀርባ ተላጠ» አለ ጃርት።

«ጀርባው ይረፍ። ሳይፈጭና ሳይቆይ የተፈተነ አልተፈተነም።»

በሦስተኛው ወደ እማማ ጋን ሄደች። እማማ ጋን በደህና ዘመናቸው የያዙት ጠላ ዝሆን ያስተኛ ነበር።

«እማማ፣ ሆድዎን ያውሱኝ።»

«ምን ልትጠነስሺብኝ?»

«ድንጋይ።»

«ያለ ጌሾ?» አሉ እማማ ጋን።

ድንጋዩን ፈጭተው ጨመሩት። ውሃ ያጠጡታል፣ ያንጠፈጥፉታል፣ አየር ያስመቱታል፤ ደግሞ ያጠጡታል። ሰማዩ ለክረምት መጥቆር ሲጀምር እማማ ጋን «ሆዴን፣ ሆዴን» አሉ። ውሃው ዝገት መስሏል። አህያ የምላሱን ጫፍ ነከር ቢያደርግ ፊቱ ተጎተተ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ረጅም ነው።

ቢጫው ድንጋይ አንገቱን ደፋ። «ደረቅ ስሆን ደህና ነኝ። ውሃና አየር ተያይዘው ሲመጡብኝ ግን ራሴን አልችልም፤ እኮመጥጣለሁ።»

«የኔም ጠላ እንዲሁ ነበር» አሉ እማማ ጋን። «አፌ ሳይመረግ ሲቀር አየር ገብቶ ያሆመጥጠዋል። ይህንንም ምረጉታ።»

ጃርት የደፋውን ክምር አየ። «ይህን ሁሉ እንደገና ልናነሳ?»

«እንደገና» አለች እንቁራሪት። «አንተስ ውሃ የምትጠጣው ከየት ነው?»

ከዚያው ወንዝ ነበር። ጃርት እሾሁን አስተኝቶ አካፋውን አነሳ።

ቢጫውን ድንጋይ ከማይኮመጥጠው ነጩ ለዩ። ያጠራጠራቸውንም ከኮምጣጣው ጋር ደመሩት። ከወንዙ ርቀው ከሥር ወፍራም ጭቃ አነጠፉ፣ ኮምጣጣውን ኮምጣጣነቱን ከሚያበርድለት የኖራ ድንጋይ ጋር እያፈራረቁ ደረደሩ፣ ከላይ ደግሞ መረጉትና «የድንጋይ በረት» አሉት። ጭቃው እንዲጠቀጠቅ የአገሩ እንስሳ ሁሉ እስክስታ ወረደበት፤ ዝሆን አንዴ ትከሻውን ሲነቀንቅ ጎረቤት አገር ቤት ፈረሰ ይባላል። አህያ ከጭነት ብዛት «ምነው ድንጋይ ሆኜ በተመረግሁ» እያለ ያጉረመርም ነበር።

ምርጊቱ እንዳለቀ ዝናቡ ወረደ። እመት እንቁራሪት ከበረቱ ቁልቁል ወርዳ፣ ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

«ውሃ ውሃ ይላል» አለች።

ልጆቿም ጅራታቸውን ጥለው፣ እግር አብቅለው ዘለው ወጡ።

እሷ ግን አላመነችም። ክረምት በገባ ቁጥር ወርዳ ትቀምሳለች። ዝናብ ሲጥል እንቁራሪቶች የሚንጫጩት ለዚህ ነው፤ «ምርጊቱ ደህና ነው ወይ?» እየተባባሉ ነው።

ከምድር ሆድ ያወጣ፣ የጣለውንም ይጠይቅ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ጋኑን ግን ሳትመርጉ እንዳትሄዱ።