የጃርቷ የመጨረሻ እሾህ

ተረት ተረት! ዛሬ ላሟ በበረቷ ትቆይና ስለ አንዲት ጃርት ልንገራችሁ።

ይህች ጃርት ታሪክ መጻፍ ነፍሷ ነበር። ከጀርባዋ እሾህ ትነቅልና በኮባ ቅጠል ላይ ትጽፋለች፤ እሾሁ ሲዶለዱም ሌላ ትነቅላለች። የጻፈችውን ገደል አፋፍ ላይ ለሚኖረው ለኩሩው ዝንጀሮ ትወስድለታለች።

"አባባ ዝንጀሮ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ" ትለዋለች።

"መጀመሪያው ያስታውቃል!" ይልና ቅጠሉን ወደ ገደሉ ይወረውረዋል።

እያለቀሰች ትመለሳለች፤ ደግሞ ትነቅላለች። ጀርባዋ እየተራቆተ ሲሄድ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትደነግጥ ጀመር። ነብር ቢመጣባት በምን ትመክተዋለች? ቢሆንም እጇ አላርፍ አለ።

በመጨረሻ አንዲት እሾህ ብቻ ቀረቻት። "ይህችንስ ለነፍሴ ላስቀራት" እያለች ስታመነታ፣ ከገደሉ ሥር የሚኖረው ነብር ድንገት ፊቷ ተገተረ። በአፉ የያዘውን የኮባ ቅጠል እግሯ ሥር ጣለው።

"ይህን ከላይ የምትጥይብኝ አንቺ ነሽ?"

"እኔ... እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ይማሩኝ።"

"ሚዳቋዋ ወንዙ መሃል ስትደርስ ቅጠሉ አለቀ። ተሻገረች ወይስ ሰጠመች? እሱን ሳላውቅ አልበላሽም።"

ጃርቷ የመጨረሻዋን እሾህ ነቀለች። ነብሩም አጠገቧ ጋደም ብሎ መጠበቅ ጀመረ።

ተረቴን መልሱልኝ አልላችሁም፤ ሚዳቋዋ ዛሬም ወንዙ መሃል ናት።